ቆሞ የሚንኳኳ መኪና

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረችው ካርቱም የሱዳን ዋና ከተማ ናት። ከኦምዱርማንና ባሕሪ ከምትባለው ከሰሜን ካርቱም ጋር በድልድዮች ትገናኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 380 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በግንቦት ወር የቀን ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በበጋው መጨረሻና በክረምቱ መግቢያ ደግሞ «ሐቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሰማዩን እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለው የአየር ጠባይ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመኪናም ፈተና ነው። ሙቀቱ የጎማ ዕቃዎችን ያደርቃል፤ ዘይትን ያቀጥናል፤ አቧራውም በየቀዳዳው ይገባል።

በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት አያሌ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን በተሰደዱ ጊዜ ከፊሎቹ በካርቱም ኑሮአቸውን መሠረቱ። ከእነርሱም መካከል በሾፌርነትና በመካኒክነት ሙያ የተዳደሩ ነበሩ። መኪና ለሾፌር ማለት በሬ ለገበሬ እንደ ማለት ነው። በሬው ያነከሰበት ገበሬ እርሻው እንደሚቆም ሁሉ፣ መኪናው የታመመበት ሾፌርም የዕለት ጉርሱ ይቋረጣል። ስለዚህ የመኪናን ሕመም በጊዜ ማወቅ ለእንዲህ ያለው ሰው የኑሮ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ በካርቱም የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ሾፌር አለ እንበል። መተዳደሪያው አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ከመኪናው ሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። አረንጓዴው መብራት በርቶ መንገዱን ሲቀጥል ድምፁ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው መብራት ሲቆም ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። አንደኛው የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነገሩን መርሳት ነው። ሁለተኛው በድንጋጤ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ገብቶ «ሞተሩ ተበላሽቷል፤ ፍታልኝ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ሞተሩን ሊያሳጣው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ገንዘቡን ያሳጣዋል። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ መመርመር፣ በመጨረሻም መጠገን ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ድምፁ እንዴት ይፈጠራል?

መኪና ቆሞ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ መካኒኮች «በሚኒሞ እየሠራ ነው» ይላሉ። በዚህ ጊዜ የአንድ አነስተኛ መኪና ሞተር በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ያህል ይዞራል። ለምሳሌ 750 ዙር የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ። እንዲህ ያለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ነዳጅ ስለሚያቃጥል፣ በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ ይህም ማለት በሴኮንድ 25 ጊዜ ይገፋል። እያንዳንዱ ግፊት የመኪናውን አካል በጥቂቱ ይነቀንቀዋል።

ማንኛውም ግዑዝ አካል ሲነካ በራሱ ልክ ይርገበገባል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ሕፃን ልክ በሚመለስበት ጊዜ ጥቂት በጥቂት ብንገፋው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ጊዜው ብንገፋው ግን እንቅስቃሴው ይሰበራል። በመኪና ላይም እንዲሁ ነው። ብሎኑ የላላ ስስ ላሜራ የራሱ የመርገብገብ ልክ ከሞተሩ ግፊት ጋር ሲገጣጠም አጥብቆ ይንቀጠቀጥና ከጎረቤቱ ብረት ጋር ይጋጫል። የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ግን ሁለቱ ስለማይገጣጠሙ ድምፁ ይጠፋል። የሾፌራችን መኪና በቆመች ጊዜ ተንኳኩታ ስትሄድ ዝም የምትልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ድምፁ በጉዞ ላይ መጥፋቱ ብቻ ሕመሙ መዳኑን አያመለክትም።

ድምፅን በስሙ መጥራት

የአማርኛ ቋንቋ ድምፅን ለይቶ በመሰየም ረገድ ሀብታም ነው። ባዶ ጣሳ ይንኳኳል፤ ቃጭል ያቃጭላል፤ ያልተቀባ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሰዓት ጠቅ ጠቅ ይላል፤ የደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እነዚህ ቃላት ለባለቅኔ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ለመካኒክም የምርመራ መሣሪያዎች ናቸው። የላላ ላሜራ እንደ ጣሳ ይንኳኳል፤ ያረጀ ቺንጊያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ያለቀ ኩሽኔታ ያጓራል፤ ክፍተቱ የበዛ ቫልቮላ ጠቅ ጠቅ ይላል። ስለዚህ ድምፁን በትክክለኛ ስሙ የጠራ ሰው የምርመራውን ግማሽ ፈጽሟል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በአገራችን ጋራዦች ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እነዚህን ቃላት ይዞ ካርቱም የገባ ሰው ከሱዳናዊው መካኒክ ጋር በቀላሉ አይግባባም። በሱዳን ለምሳሌ የመለዋወጫ ዕቃ «ኢስቤር» ይባላል፤ ቃሉም ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። የዕቃው ስም ሲጠፋ ግን ድምፁን በአፍ አስመስሎ ማሰማት፣ ቦታውን በጣት ማሳየትና ጊዜውን መንገር በየትኛውም አገር ያግባባል።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ለአራት ጥያቄዎች መልስ ይዞ መሄድ አለበት። ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው? ከየት ይመጣል? ምን ይመስላል? ምን ሲደረግ ይለወጣል? አንድ ሰው «መኪናዬ ይጮኻል» ቢል ለመካኒኩ ምንም አልነገረውም። «ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ከሾፌሩ እግር ሥር ጣሳ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ነዳጅ ጥቂት ሲሰጠው ይጠፋል፤ ፍሪሲዮን ቢረገጥም አይለወጥም» ቢል ግን መካኒኩ ሞተሩን ሳይፈታ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲያመራ ያደርገዋል። አንድ በቅጡ የተነገረ ዓረፍተ ነገር የብዙ ሰዓት ድካምና የብዙ ገንዘብ ወጪ ያተርፋል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ምርመራ ሁልጊዜ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ወጪ ከሌለው ወጪ ወዳለው መሄድ ይኖርበታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዘይት ይታያል። መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ይጠረግና ተመልሶ ገብቶ ይነበባል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሌላውን ምርመራ ከመቀጠል በፊት መሞላት አለበት፤ የጎደለበት ምክንያትም ይፈለጋል።

ሁለተኛው እርምጃ ሞተሩ እንደ ጠፋ ኮፈኑን ከፍቶ የላላ ነገር በእጅ እየነኩ መፈለግ ነው። የባትሪ ማሰሪያ፣ የአየር ማጣሪያ ክዳን፣ የኮፈን መቆለፊያ፣ የታርጋ ብሎን፣ ሁሉም ያንኳኳሉ። ብዙ ጊዜ ትልቅ ሕመም የመሰለው ድምፅ የአንድ ትንሽ ብሎን መላላት ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው እርምጃ ሞተሩን አስነሥቶ አንድ አንድ ነገር እየለወጡ ማዳመጥ ነው። እንደ ካርቱም ባለ ሞቃት ከተማ የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው በማቀዝቀዣው መጭመቂያና ከእርሱ ጋር በተያያዙት ዕቃዎች ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ፣ መኪናው ማርሽ ሳይገባለት፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል። በሚረገጥበት ጊዜ ድምፁ ከጠፋ፣ መነሻው በካምቢዮው ውስጥ ካሉት ጥርሶች ወይም ኩሽኔታዎች ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሲረገጥ የሚነሣ ከሆነ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን አይገባም፤ ድምፁ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው ማወቅ አይቻልምና።

አራተኛው እርምጃ ድምፁን ወደ ምንጩ መከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ የአንዲት ታማሚን ደረት ለማዳመጥ ወረቀት ጠቅልሎ ጆሮው ላይ አደረገ። የልብ ትርታ ከጠበቀው በላይ ጎልቶ ተሰማው። የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ መነሻ ያ የተጠቀለለ ወረቀት ነው። መካኒኮችም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ በማይንቀሳቀስ የሞተር አካል ላይ፣ ለምሳሌ በዲናሞው ወይም በውሃ ፓምፑ ቅርፊት ላይ ይደረግና እጀታው ወደ ጆሮ ይጠጋል። ጠጣር ብረት ድምፅን በደንብ ስለሚያስተላልፍ፣ የታመመው ዕቃ ከሌሎቹ ይልቅ ጎልቶ ይሰማል።

አምስተኛው እርምጃ ሞተሩን አጥፍቶ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መጠበቅና የጭስ ማውጫውን መንገድ ከፊት እስከ ኋላ በእንጨት ቀስ እያሉ መምታት ነው። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከል ስስ ላሜራ አለ። ብሎኖቹ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው፣ መንገዱም ሲያንገጫግጫቸው ይላላሉ። በዚህ ጊዜ ላሜራው ሲመታ በሽቦ ላይ እንደ ተንጠለጠሉት የጸናጽል ቅጠሎች ይንሿሿል። ማርሚታው ሲነቀነቅ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ያለ ከመሰለ ደግሞ በውስጡ ያለው ክፍልፋይ ተሰብሯል ማለት ነው። ጭስ ማውጫውን አንጠልጥለው የያዙት ጎማዎች ተበጥሰው ከሆነም ቧንቧው ከመኪናው ወለል ጋር ይጋጫል።

በመጨረሻም ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ይታያሉ። የእነዚህ ጎማዎች ተግባር የሞተሩን ንቅናቄ ውጦ ወደ መኪናው አካል እንዳይተላለፍ ማድረግ ነው። ሙቀት ሲያደርቃቸው ወይም የፈሰሰ ዘይት ሲያበሰብሳቸው ይሰነጠቃሉ። ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ በኃይል የሚዘል ከሆነ፣ በሚኒሞም ጊዜ መሪውና መቀመጫው አብረው የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ጎማዎች ናቸው።

ጥገናው

የሾፌራችን መኪና ሕመም የሙቀት መከላከያው ላሜራ መላላት ሆኖ ተገኘ እንበል። ጥገናው ቀላል ነው። ብሎኑ ደኅና ከሆነ ይጠብቃል። የላሜራው ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቶ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ሮንዴላ ገብቶበት ብሎኑ ይታሰራል። ብሎኑ ተሰብሮ ከሆነ በካቻቪቴ በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ ላሜራውን ከቧንቧው ጋር ማሰር ይቻላል። የጎማ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ግን ስለሚቀልጥ አይሆንም።

አንዳንድ ሰው ድምፁን ለመገላገል ላሜራውን ነቅሎ ይጥለዋል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። በሥራ ላይ ያለ ጭስ ማውጫ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ላሜራው ይህ ሙቀት ወደ ነዳጅ መስመርና ወደ መኪናው ወለል እንዳይደርስ ይከላከላል። በማሽላና በሰሊጥ እርሻው በታወቀው በገዳሪፍ ሜዳ፣ ወይም በአገራችን በመተማ ቆላ፣ መከላከያ የሌለው መኪና በደረቀ ሣር ላይ ቢቆም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለሆነም ድምፅ ማጥፋትና ሕመም መፈወስ አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

የተበጠሰ ማንጠልጠያ ጎማና የተሰነጠቀ የሞተር ጎማ በአዲስ ይለወጣሉ። የተሰበረ ማርሚታ ይበየዳል ወይም ይለወጣል። ክፍተቱ የበዛ ቫልቮላ መኪናው በሚያዘው ልክ ይስተካከላል። ያለቀ ኩሽኔታ ግን ዘይት ቢቀባም አይድንም፤ መለወጥ አለበት። ጥገናው ካበቃ በኋላ ድምፁ ቀድሞ ይሰማበት በነበረው ሁኔታ፣ ማለትም ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ፣ እንደገና ይደመጣል። ያልተፈተሸ ጥገና ተጠገነ አይባልም።

ቸል የማይባለው ድምፅ

ከሚንኳኩት ድምፆች አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ መታወቅ አለበት። በሞተሩ ውስጥ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ የሚባለው ብረት ነው። ቢዬላው ዘንጉን በሚይዝበት ስፍራ ብሮንዚና የሚባል ስስ ማቀፊያ አለ። ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርገው በመካከላቸው ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት ፓምፑም ዝግ ብሎ ይዞራል። በዚያ ላይ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በዚህም የተነሣ የዘይቱ ግፊት ዝቅ የሚለው ሞቆ በቆመ መኪና ላይ ነው። ብሮንዚናው ያለቀ ሞተር ያን ጊዜ ከታች፣ ከሆዱ፣ ደንቆሮና ከባድ የሆነ የመዶሻ ምት የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ ነዳጅ ሲሰጠውም አይጠፋም፤ ይበረታል።

ይህን ከቫልቮላ ድምፅ መለየት ይቻላል። ቫልቮላን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ከዋናው ዘንግ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ በ750 ዙር ጊዜ አንድ ቫልቮላ በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ብቻ ጠቅ ይላል፤ ድምፁም ከላይ፣ ቀጭንና ደረቅ ነው። ከታች የሚመጣው ከባድ ድምፅ ከተሰማ፣ በተለይም ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል። መኪናው ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል እንጂ «እስከ ቤት ልድረስ» ተብሎ አይነዳም። በዚያች አጭር መንገድ ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ሊበሳው ይችላልና።

ለሞቃት አገር የሚስማማ ዘይት መምረጥም ከዚህ ችግር ይጠብቃል። በዘይት ዕቃ ላይ ከሚታዩት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ዘይቱ በብርድ ጊዜ፣ ሁለተኛው በሙቀት ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። የመኪናው መመሪያ ለአካባቢው ሙቀት የሚያዘውን ቁጥር መከተል ይገባል።

ጥንቃቄ

ማንኛውም ምርመራ ከሰው ሕይወት አይበልጥም። የሚሠራ ሞተር አጠገብ የሚቆም ሰው ነጠላም ሆነ ጀላቢያ፣ ሻርፕም ሆነ ረጅም እጅጌ ማንዘርፈፍ የለበትም፤ ቺንጊያና ማራገቢያ ጨርቅን ይዘው ሰውን ይጎትታሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በራሱ ሊነሣ ይችላል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነውና። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባትም አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከተማዋን ለቆ ተሰደደ። ከስደተኞቹ መካከል በገዳሪፍና በገላባት አድርገው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በመተማ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ አሉ። በእንደዚህ ያለው ቀን የላላ ብሎን ለማጥበቅ ጊዜ አይገኝም። መንገዱን የሚችለው በሰላሙ ቀን ድምፁ የተደመጠለት መኪና ነው። ማንኳኳት የሚነገረን የመጀመሪያው ቃል ነው፤ የመጨረሻው ቃል የሚሆነው ሳይሰሙት ሲያልፉ ነው። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሰው ጠባይ እንደሚሠራ ሁሉ ለሞተርም ይሠራል።